ማታ ለሚመጣ እንግዳ ዲካፍ ቡና ዘፍዝፉ

ውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቡና የምንጠራራው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። ቀን ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ሰው ሰብሰብ የሚለው ከሥራ መልስ ወይም ቅዳሜና እሁድ አመሻሽ ላይ ነው። ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ አቦሉ ሲቀዳ ሁለት ሰዓት ያልፋል። በረካው ሲደርስ የመኝታ ሰዓት ይሆናል። ከዚያ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ማደር ነው።

በየቡናው ላይ ደግሞ "እኔ ይቅርብኝ" የሚል አይጠፋም። ነፍሰ ጡር አለች። ልባቸው የሚመታባቸው እናት አሉ። ሐኪም "ቡና ቀንሱ" ያላቸው አባት አሉ። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቶ ሥራ የሚገባ አለ። ለእነዚህ ሰዎች የምናቀርበው ሻይ ወይም ለስላሳ ነው። ቡናው እየሸተታቸው ለስላሳ ጨብጠው ይቀመጣሉ። ይሄ እንግዳ አክባሪ ለሆነ ቤት አይመጥንም ባይ ነኝ።

የምለው ይሄ ነው። ማታ ቡና የሚያፈላ ቤት ፍሪጁ ውስጥ አንድ ጆግ ዲካፍ ኮልድ ብሩ ይኑረው። ዲካፍ ካፌይኑ፣ ማለትም እንቅልፍ የሚነሳው ንጥረ ነገር፣ የወጣለት ቡና ነው። ኮልድ ብሩ ደግሞ ሳይፈላ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚያድር ቡና ነው።

"ካፌይን ከሌለው ምኑን ቡና ሆነ?" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የቡና ጣዕምና ሽታ የሚመጣው ሲቆላ ከሚፈጠሩ በጣም ብዙ ንጥረ ነገሮች ነው። ካፌይን ራሱ ሽታ የለውም። ለምሬቱ የሚያዋጣውም ጥቂቱን ነው። ዲካፍ ስሙ የጠፋው ካፌይን ስለሌለው አይደለም። ለረጅም ጊዜ ርካሽ ቡና እየተመረጠ፣ በደንታ ቢስነት ስለተሠራ ነው።

አጀማመሩም ጥሩ አልነበረም። ካፌይንን ከቡና ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1819 ነበር። ዲካፍን ለገበያ ያበቃው ደግሞ የብሬመኑ ነጋዴ ሉድቪግ ሮሴሊዩስ ነው። በ1906 ካፌ ሃግ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ካፌይኑን የሚያወጣው ግን ቤንዞል በሚባል ኬሚካል ነበር። ቤንዞል ካንሰር እንደሚያመጣ በኋላ ታወቀና ቀረ። ዛሬም ሜቲሊን ክሎራይድ በሚባል ኬሚካል የሚሠራ ዲካፍ ገበያ ላይ አለ። አሜሪካ ውስጥ በቡናው ላይ እንዲቀር የሚፈቀደው ከአንድ ሚሊዮን 10 እጅ ብቻ ነው። ያም ሆኖ እኔ ምርጫ እያለኝ አልገዛውም።

ምርጫው አለ። በውሃ ብቻ የሚሠራ ዲካፍ አለ። ጥሬው ቡና ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ካፌይኑም ጣዕሙም ወደ ውሃው ይወጣል። ውሃው በከሰል ማጣሪያ ሲያልፍ ካፌይኑ እዚያ ይቀራል፤ ጣዕሙ ከውሃው ጋር ያልፋል። ከዚያ በዚሁ ውሃ ውስጥ አዲስ ጥሬ ቡና ይዘፈዘፋል። ውሃው በጣዕም ስለጠገበ ከአዲሱ ቡና የሚስበው ካፌይኑን ነው። ስዊስ ወተር የሚባለው ይሄ ነው፤ ፋብሪካው ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ይገኛል። የሲዳማና የይርጋጨፌ ቡና በዚህ መንገድ ተሠርቶ ይሸጣል። ፓኬቱን አገላብጣችሁ አንብቡ። ካፌይኑ በምን እንደወጣ ካልተጻፈበት ሻጩን ጠይቁ።

ቤት ውስጥ ካፌይን ማውጣት አይቻልም። ጥሬውን ደጋግሞ በሙቅ ውሃ ማጠብ ጣዕሙን ያጥባል እንጂ ቡናውን ዲካፍ አያደርገውም። አጥቁሮ መቁላትም አይረዳም፤ ካፌይን መቆላቱን ይቋቋማል። ለነፍሰ ጡር "በረካውን ብቻ ጠጪ" የሚሉ እናቶች ግን መሠረት አላቸው። ካፌይን ሙቅ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟ አብዛኛው በአቦሉ ያልቃል። ችግሩ በረካው ላይ ስንት እንደቀረ ቤት ውስጥ ለክቶ ማወቅ አለመቻሉ ነው።

ሌላም በሰፊው የሚነገር ስሕተት አለ። ኮልድ ብሩ ስላልፈላ ካፌይኑ ትንሽ ነው ይባላል። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይበዛል፤ ምክንያቱም ብዙ ቡና በትንሽ ውሃ ለረጅም ሰዓት ይዘፈዘፋል። እስኪ እናስላው። የአረቢካ ቡና ካፌይን ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ነው። 100 ግራም ቡና ውስጥ 1200 ሚሊግራም አለ ማለት ነው። በ800 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢዘፈዘፍና ሁሉም ቢወጣ፣ 120 ሚሊ ሊትር ወፍራም ቡና በእኩል ውሃ የቀጠነበት አንድ ብርጭቆ 180 ሚሊግራም ይይዛል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ለነፍሰ ጡር በቀን 200 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመክራል። አንድ ብርጭቆ ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። በዲካፍ ግን፣ 97 በመቶው ካፌይን ወጥቷል ብንል፣ ያው ብርጭቆ 5 ሚሊግራም ገደማ ነው የሚይዘው። ለዚህ ነው ኮልድ ብሩ ማታ የሚጠጣ ከሆነ ዲካፍ ይሁን የምለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 100 ግራም የተቆላ ዲካፍ ሸርከት አድርጋችሁ ፍጩ። ልሞ ከተፈጨ ይደፈርሳል፣ ይመራል፣ ማጥለሉም ያስቸግራል። ዲካፍ ፍሬው ስለሚሰባበር ከሌላው ቡና ይልቅ ዱቄት ይበዛዋል፤ ስለዚህ ከለመዳችሁት በላይ ሻከር ይበል። አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ጨምሩና 800 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉበት። ቡናው ሁሉ እስኪርስ አማስሉት። ክደኑትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ማታ ሁለት ሰዓት ከዘፈዘፋችሁ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይበቃዋል። ውጭ አታሳድሩት፤ ያልፈላ ነገር ስለሆነ ቅዝቃዜው ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጥልሉት። ወረቀቱን አትዝለሉት። ኮሌስትሮል የሚጨምሩትን የቡና ቅባቶች የሚያስቀረው እሱ ነው። አተላውን አትጭመቁት፤ ምሬቱን ይለቀዋል። አተላው ውሃ ስለሚይዝ 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ወፍራም ቡና ይወጣላችኋል። ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ ፍሪጅ ብታስቀምጡት ለሳምንት ይሆናል። ሲጠጣ በእኩል ውሃ ወይም ወተት ይቀጥናል።

እናቶቻችን ቀዝቃዛ ቡና እንደማይወዱ አውቃለሁ። ለእነሱ የፈላ ውሃ ጨምራችሁበት፣ ትኩሱን በሲኒ አቅርቡላቸው። ከአቦሉ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ከሰው አይለዩም። ዲካፍን ጀበና ውስጥ ደጋግሞ ከማፍላት ይሄ በብዙ ይሻላል። ዲካፍ ቶሎ ይጠቁራል፣ ደጋግሞ ሲፈላም የተቃጠለ ጣዕም ያመጣል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ለስለስ ያለውን ጣዕም አውጥቶ መራራውን አብዛኛውን ይተወዋል። ጤና አዳም የሚወድ ሲያቀርብ አንድ ቅጠል ጣል ያድርግበት፤ ለነፍሰ ጡር ግን ጤና አዳም ጥሩ አይደለም፣ አይጨመርላት።

ጨጓራ ላለበት ሰው ብዙ ተስፋ አልሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2018 ፊላደልፊያ ውስጥ የተሠራ ጥናት የቀዝቃዛውና የትኩሱ ቡና ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነታቸው መጠን፣ ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ዲካፍም ጨጓራ የሚያቃጥለው ሰው አለ። በትንሹ ቀምሶ ማየት ነው። ቡና በብዛት የለመደ ሰውም ባንድ ጊዜ ወደ ዲካፍ ከዞረ ራሱን ሊያመው ይችላል። መጀመሪያ ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል።

ቡናው ሲቆላ የሚሸተውን ሽታ፣ ዕጣኑን፣ ረከቦቱን ኮልድ ብሩ አይተካም። እኔም ይተካ አላልኩም። ጎን ለጎን ይቅረብ ነው።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከተፈጥሮው ካፌይን የሌለው የሚባል የአረቢካ ተክል ማግኘታቸውን ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አሳወቁ። ዘሩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ቡና ነው። ብራዚል የተገኘው እኛ ጫካ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ገበያውን ግን እስካሁን የያዘው ፋብሪካ ገብቶ ካፌይኑ የሚወጣለት ቡና ነው። ቡናችን ጥሬውን ይሄዳል፤ ዋጋ የሚጨምረው ሥራ ሌላ አገር ይሠራበታል። ጅማ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ለአሥርት ዓመታት የቡና ዝርያ ሲሰበስብና ሲያጠና ኖሯል። ይህን ፍለጋ አጥብቆ እንዲይዝ ገንዘብም ሰውም ሊመደብለት ይገባል። አዲስ አበባ ቡና ቆልተው የሚሸጡም በውሃ የተሠራ ዲካፍ ይያዙ፤ ካፌይኑ የወጣበትን መንገድና የተቆላበትን ቀን ፓኬቱ ላይ በአማርኛ ይጻፉልን።