ሥጋ መቀነስ ያለበት ማነው?

«ሥጋ ቀንሱ» የሚለው ምክር እኛ ጋ ሲደርስ ያስቃል። አብዛኛው ሰው «መጀመሪያ መቼ በላሁትና?» ይላል። እውነቱን ነው። ለበዓል ተበድሮ ቅርጫ ለሚገባ ሰው ይህ ምክር ስድብ ነው። ልጁ በሳምንት አንድ እንቁላል የማያገኝ ቤትማ መጨመር እንጂ መቀነስ የለበትም።

እኔ የማወራው ቅዳሜ ከሰዓት ሥጋ ቤት ስለማይጠፋው ወዳጃችን ነው። ከተሰቀለው ብልት በጣቱ ይመርጣል። «ጮማ ጣል አድርግበት» ይላል። ግማሽ ኪሎ ቁርጥ ለብቻው ይቀርብለታል፤ ከነአዋዜው፣ ከነሚጥሚጣው። ቁርጡ ሳያልቅ ጥብስ ይታዘዛል፣ ቢራው ይደገማል። ማታ ቤት ሲገባ ቀይ ወጥ ይጠብቀዋል።

የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ የሚበላ ሰው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ እንዳያልፍ ይመክራል። ወዳጃችን የሳምንቱን በአንድ ቀን ጨረሰው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2015 እ.ኤ.አ. እንደ ሞርታዴላና ቋሊማ ያለው የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር እንደሚያመጣ፣ ቀይ ሥጋም ሳያመጣ እንደማይቀር አሳውቋል። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የትልቁን አንጀት ካንሰር ዕድል በ18 በመቶ ይጨምራል። ሪህም አለ። ጉበትና ጨጓራ የገባበት ዱለት በቢራ ሲወራረድ የእግሩ አውራ ጣት ሌሊት ያስታውሰዋል። ቁርጡ ጥሬ ስለሆነም የኮሶው ነገር እንዳለ ነው።

ሥጋው ከጤና አልፎ የአየር ንብረቱንም ይነካል ብንለው «እኔ ቁርጥ ስለበላሁ ነው እንዴ ዝናብ የጠፋው?» ይል ይሆናል። ለብቻው አይደለም። ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን ያገሳል፤ ይህ ጋዝ ሙቀትን በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ይብሳል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት፣ ሰው ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 በመቶው ከእንስሳት እርባታ ይመጣል። ትልቁ ድርሻ የከብት ነው።

እዚህ ላይ ግን ፍርድ እንዳናዛባ። የገበሬው በሬ ያርሳል፣ ኩበቱ ምድጃ ያሞቃል። ቦረና ውስጥ ደግሞ ከ2020 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲከዳ ከብቱ አልቆ ባዶ እጁን የቀረው አርብቶ አደሩ ነው። ለእሱ ስለ ሚቴን መስበክ ነውር ነው። ስብከቱ ለከተማ ሰው ነው፤ አሜሪካ ተቀምጦ በየቀኑ ሥጋ ለሚበላው ዘመዳችንም ጭምር።

ደግነቱ እኛ የሚተካውን ፍለጋ አንደክምም። ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ክክ አለ። ምስርና ሽምብራ ናይትሮጂን ከአየር ስበው መሬቱን ያዳብራሉ። ኦርቶዶክሱ በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል። ጾም ሁሉ ጤና ነው ማለቴ ግን አይደለም። በዘይት የተነከረ ቺፕስና ሳምቡሳ እየበሉ ሰንብቶ ፋሲካ ለት ክትፎ ላይ መዝመት ለሰውነት ብዙም አይረዳም። ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ምግብ የማይነካ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ከሌላ መንገድ ማግኘት አለበት።

ወዳጃችን ሥጋ ይተው አላልኩም። ግማሽ ኪሎውን ለሦስት ይካፈሉት። ማክሰኞም በያይነት ይዘዝ፤ አስተናጋጁ «ዛሬ እኮ ፍስክ ነው» ካለው «አውቃለሁ» ይበለው።