የሳጥኑ ሌባ እኔ ነበርኩ

የጎደለው 340 ብር ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጁስ ቤቷን ልንዘጋ ስንል። ሳጥኑን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው። ሒሳብ የምትቀበለውን ልጅ ጠራኋት። «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም» አለችኝ። ፊቴን አጥቁሬ ዝም አልኳት። ዝምታዬ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል።

በሳምንቱ የአክስቴ ልጅ ደወለ። «ያቺ የጋበዝከኝ ክትፎ እስካሁን ከአፌ አልጠፋችም» አለኝ። ክትፎ! ለካ የዚያን ቀን ከሳጥኑ ብር አንስቼ ምሳ ጋብዤዋለሁ። ጠዋት ደግሞ የስልክ ካርድ ገዝቻለሁ። ከሰዓት ታክሲ። አንዱንም አልጻፍኩም። የራሴ ቤት፣ የራሴ ሳጥን፣ የራሴ ብር፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

ልጅቷን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ባለቤት ነኛ! በወሩ ሥራውን ለቀቀች። ጁስ ቤቷም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን የገባሁበት የአነስተኛ ነጋዴዎች ሥልጠና ነው። አዳራሽ፣ የታሸገ ውኃ፣ ትልቅ ድምፅ ማጉያ። አሠልጣኙ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ትችላላችሁ!» አለን። «ትልቅ አልሙ!» አለን። እጃችንን አስነስቶ አስጮኸን። የሶልሬብልስ መሥራች የቤተልሔም ጥላሁን ስምም ተነሳ። መነሳቱ ተገቢ ነው። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ ጀምራ፣ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን የድሮ በረባሶ እንደ አዲስ አስባ፣ ጫማዋን ውጭ አገር ገበያ አድርሳለች። ግን እኔ መስማት የፈለግኩት ሌላ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ማታ ማታ ብሩን የሚቆጥረው ማን ነበር? ለራሷ ስንት ትከፍል ነበር? ይህን የሚነግረን የለም።

እኔ እንደማየው እኛ አገር ሱቅ የሚከፍት ሰው ወኔ አያንሰውም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ቆርቆሮ የሚከፍት፣ በዝናብ ዕቃ የሚያወርድ፣ ከደንብ አስከባሪ ጋር ሲሯሯጥ የሚውል ሰው «ተነሳሳ» ሊባል አይገባውም። ተነሥቷል እኮ! የጎደለው አንድ ደብተር ነው። እና ለራሱ የቆረጠው ደሞዝ።

ከጁስ ቤቴ አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ነበረች። ትምህርቷ ብዙ አይደለም። አንድ ከሰል ማንደጃ፣ ረከቦት፣ አራት ዱካ። ማታ ስትነሳ የምታደርገውን ለረጅም ጊዜ አይቼ ነገሬ ብዬው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ለነገ ቡና፣ ስኳርና ከሰል የሚሆነውን ቆጥራ በአንድ ባዶ ጣሳ ትከታለች። ቀጥላ የዕለት ዕቁቧን ለሰብሳቢው ትሰጣለች። የቀረውን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ወደ ቤቷ። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ጠየቅኳት። «አቦሉ ለቡናው፣ ቶናው ለዕቁቡ። እኔ በረካውን ነኝ» አለችና ሳቀች።

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነበርኩ። አቦሉን እኔ እጠጣ ነበር። ከዚያ የተረፈ ካለ ለአቮካዶው።

ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ የነበረኝን ወረቀት ሁሉ ሰብስቤ ሒሳቡን ሠራሁ። በአማካይ በቀን 2,400 ብር እሸጥ ነበር። ለፍራፍሬና ለስኳር 1,300 ይወጣል። ኪራዩ በወር 9,000 ስለነበር በቀን 300 መሆኑ ነው። ሁለት ሠራተኞች በወር 2,100፣ 2,100፤ በቀን 140። መብራት፣ ውኃ፣ ሶፍት፣ ስትሮው 110። የሚቀረው 550 ብር ነው። እኔ በቀን በአማካይ 700 ብር እያነሳሁ ነበር የምኖረው። በቀን 150 ብር ብቻ ነው ልዩነቱ። በወር ግን 4,500 ብር ይሆናል። የኪራዩ ግማሽ ማለት ነው። አከራዬን ስረግም፣ ገበያውን ስረግም፣ ያቺን ልጅ ስጠረጥር የኖርኩት ለዚህ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ስለ ሹመት የተባለ ነው፤ እኛ ግን ወደ ሱቅ ይዘነው ገብተናል። ሳጥኑ ሲሞላ ባለሥልጣን የሆንን ይመስለናል።

ለራስ ደሞዝ መቁረጥ ማለት ምን ማለት ነው? ቀላል ነው። ሌላ ሰው ቤት ይህንኑ ሥራ ብሠራ ስንት ይከፍለኝ ነበር ብሎ መጠየቅ። ሱቁ ያንን መክፈል ከቻለ፣ ወር በገባ በተወሰነ ቀን ፈርሞ መውሰድ። ካልቻለ ለጊዜው ቀንሶ መውሰድ፤ ግን መቀነሱን ማወቅ። ብዙ ሰው «አተርፋለሁ» የሚለው የራሱን ጉልበት በነፃ ቆጥሮ ነው። ሚስቱና ልጆቹ ቆመው የሚሸጡለት ሰውማ ሒሳቡ ጭራሽ የት እንዳለ አይታወቅም።

ሁለተኛው ነገር ትርፍ የሚባለው ራሱ ነው። ትርፍ ማለት ከተሸጠበት ላይ የተገዛበት ሲቀነስ ነው ብለን ነው የተማርነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይህ ትምህርት ብዙ ሱቅ አስበልቷል። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ወዳጄ በ300 ብር የገዛውን ቻርጀር በ400 ሸጦ «100 ብር አተረፍኩ» ይል ነበር። ሊተካ መርካቶ ሲወርድ ያው ቻርጀር 450 ሆኗል። የሸጠበት 400 ላይ ሌላ 50 ብር ጨምሮ ነው አንድ ዕቃ መልሶ የገዛው። እሱ ደግሞ «ትርፉን» በልቶታል። ከዚያ ወዲህ ዋጋ የሚያወጣው ነገ በሚተካበት ነው እንጂ ትናንት በገዛበት አይደለም። ቡና ሻጯ ይህን ያለ ሥልጠና ታውቀዋለች። ጣሳዋ ውስጥ የምትከተው የትናንቱን ዋጋ አይደለም፤ የነገውን ነው።

አሁን አሁን ደግሞ ሳጥኑ ራሱ ስልክ ሆኗል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ከመጣ ወዲህ ደንበኛው «በምን ልላክ?» ነው የሚለው። ባለሱቁም የግል ቁጥሩን ይሰጣል። እዚያው ቁጥር ላይ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፈላል፤ እዚያው ካርድ ይሞላል፤ እዚያው ለእናት ይላካል። የወረቀት ብር ቢያንስ ሲሳሳ ይታያል። ስልክ ውስጥ ያለው አይታይም። የነጋዴ አካውንት ክፈቱ። እሱን ለማድረግ ከብዷችሁ ከሆነ እንኳ ሌላ ሲም ገዝታችሁ ለዩት። ወገን፣ ይህቺን ዛሬ አድርጓት።

ሳጥኑ ውስጥ የሌላ ሰው ገንዘብም እንዳለ እንረሳለን። ለተመዘገበ ነጋዴ ከደንበኛ የሚቀበለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የእሱ አይደለም። ከሠራተኛው ደሞዝ የሚቆረጠው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም የሠራተኛው ነው፤ አሠሪው ራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ይህን ብር «ለጊዜው» ብሎ ዕቃ የገዛበት ሰው ወር ሲያልቅ የት እንደሚገባ አየሁ። አንዱን ጉድጓድ በሌላ አፈር ሲሞላ ይኖራል።

ስለ ግብር ካነሳን የ2009 ዓ.ም. ሐምሌን የሚያስታውስ ያስታውሳል። የቀን ገቢ ግምት የመጣበት ጊዜ ነው። የግብር ሠራተኞች እየዞሩ በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ እያሉ ገመቱ። ጩኸት ሆነ፤ በአንዳንድ ከተሞች ሱቅ እስከ መዝጋት ተደረሰ። ብዙው ግምት የተጋነነ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ቅሬታ ሊያቀርብ የሄደው አብዛኛው ሰው በእጁ የያዘው ምን ነበር? ምሬት ብቻ። «በቀን ይህን ያህል አልሸጥም» ሲል «ታዲያ ስንት ትሸጣለህ?» ቢሉት እሱም ገምቶ ነው የሚመልሰው። ሁለት ገማቾች ፊት ለፊት ሲቀመጡ ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

ብድርም ያው ነው። ቤት ያላስያዘ ባንክ አይገባም የሚለው እሮሮ እውነት አለበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ማሽንና የሱቅ ዕቃ የመሳሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶችን ማስያዝ ፈቅዷል። ይሁን እንጂ አበዳሪው «እስቲ ያለፈው ዓመት ሽያጭህን አሳየኝ» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ነው ዕቁብን የምንወደው። ዕቁብ ደብተር አይጠይቅም፤ ዋስ ይጠይቃል። ወለድም የለው። ችግሩ ዕጣው ሲወጣ ነው። ለዕቃ ብሎ የገባ ሰው ሲደርሰው ሶፋ ይገዛበታል። እኔ የገዛሁት ቴሌቪዥን ነበር። እስካሁን ይሠራል፤ ጁስ ቤቷ ግን የለችም።

ወቅቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። የኛ ገበያ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ኪራይ ግን አይጾምም። ጁስ በጾም ይሸጣል፤ ክረምት ሲገባ ማን ቀዝቃዛ ይጠጣል? አሁን ያለችኝ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶኮፒ ሱቅ ናት። ከጳጉሜን እስከ ጥቅምት ደብተርና እስክሪብቶ ይሻማሉ። ሐምሌና ነሐሴ ዝንብ ነው የምናባርረው። ስለዚህ የመስከረምን ብር የመስከረም ብር አድርጎ መብላት አይቻልም። እኔ የሐምሌና የነሐሴን ኪራይ በመስከረም ለይቼ አስቀምጣለሁ። አንዳንዴ እጄን ይበላኛል። በተለይ የመስቀል ሰሞን።

ከሁሉም የሚከብደው ይሉኝታ ነው። «ዱቤ ነገ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለሠፈር ሰው ይሠራል። ለአጎትህ አይሠራም። ዘመድ ሲመጣ ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው፤ ባለመጠየቅ ደግሞ ሱቅ ይዘጋል። የኔ መላ ትንሽ የሚያስቅ ነው። ደብተሬ ላይ «ይሉኝታ» የሚል ገጽ አለኝ። በወር 600 ብር በጅቼለታለሁ። የአጎቴ ልጅ ፎቶኮፒ፣ የጎረቤት ልጅ ደብተር፣ ለለቅሶ የወጣ፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። 600ው ካለቀ ከደሞዜ ነው የምጨምረው። አንድ ጊዜ በአሥረኛው ቀን አለቀ። እንግዲህ ምን ይደረግ።

አሁን ወደ መሪነቱ ልምጣ፤ በሥልጠናው ላይ በጣም የተወራለት እሱ ነበርና። ራእይ፣ ቡድን፣ ተነሳሽነት የሚሉ ቃላት ሲወርዱ ነበር። ሁለት ሠራተኛ ላለው ሰው መሪነት ከዚያ በጣም ያነሰና በጣም የከበደ ነገር ነው። ሠራተኛ የሚያየው እጅህን ነው። ባለቤቱ ከሳጥን ሳይጽፍ ሲያነሳ ያየ ልጅ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ እዚህ ቤት ብር እንደማይቆጠር። ሁለተኛ፣ የጎደለ ቀን የሚጠረጠረው እሱ እንደሆነ። የመጀመሪያው ያማልላል፤ ሁለተኛው ያስፈራል። በሁለቱም በኩል ጥሩ ሠራተኛ አይቆይም።

ስለዚህ ደብተሩን ለሠራተኞቼ ከፍቼዋለሁ። ወዳጆቼ አበድክ ይሉኛል። ገቢህን አውቆ ነገ ፊት ለፊትህ ይከፍትብሃል ይላሉ። አልተሳሳቱም። አንዱ በእርግጥ ሁለት መንገድ አልፎ ከፍቷል። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ለሁለት ዓመት ተኩል አንድ ብር ሳይጎድልብኝ ሠርቶልኛል። ባለፈው ጥር የአጎቴ ለቅሶ ሦስት ቀን ገጠር ስቀመጥ ሱቁ አልተዘጋም። ድሮ ቢሆን ቁልፉን ኪሴ አድርጌ ነበር የምሄደው፤ ደንበኛ መጥቶ የተዘጋ በር ይመለከት ነበር። «እኔ ከሌለሁ አይሆንም» የምንለውን ነገር ለቅሶ ጥሩ አድርጎ ይፈትነዋል።

ያቺን የጁስ ቤቷን ልጅ አንድ ጊዜ ደውዬላት ነበር። ቁጥሩ አይሠራም።

ትናንት ከሰዓት መርካቶ ወረቀት ላመጣ ስል ከሳጥኑ 100 ብር አንስቼ ወጣሁ። በሩን ሳልሻገር አዲሷ ልጅ ከኋላዬ ተጣራች። «ጋሼ፣ ያቺን የታክሲ አልጻፏትም።» ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። ትንሽ ሐፍረት ተሰማኝ። ተመልሼ እስክሪብቶውን ተቀበልኳትና ጻፍኩ፤ ታክሲ፣ 100፣ ባለቤት።