እርማት፦ ሕፃንን በመኪና አቅፎ ስለመጓዝ

እህቴ፣ «ከደሴ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ ሕፃኑን አጥብቄ ካቀፍኩት ምን ይሆናል?» ላልሽው፦ እቅፍ አይይዘውም። በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢጋጭ፣ ሕፃኑ ወደ ፊት የሚወረወርበት ፍጥነት 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። ይህን የሚገታ ክንድ የለም፣ የእናትም ቢሆን። ሁለታችሁ በአንድ ቀበቶ መታሰርማ የባሰ ነው፤ ክብደትሽ በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል።

የሕፃን ወንበር በኋላ መቀመጫ ላይ፣ የልጁ ፊት ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ ይታሰር። ራሱ ከባድ፣ አንገቱ ለጋ ነው፤ እንዲህ ሲቀመጥ የግጭቱን ኃይል ጀርባው በሙሉ ይካፈለዋል። ቢያንስ እስከ 2 ዓመቱ፣ ወንበሩ ከፈቀደም ከዚያ በላይ እንዲሁ ይቆይ፤ እግሩ መታጠፉ አያሳስብሽ። ኤርባግ (በግጭት ጊዜ በድንገት የሚነፋ የአየር ከረጢት) ባለው የፊት መቀመጫ ላይ ግን በፍጹም!

የደሴ ብርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ማሰር። ጋቢው በግጭት ጊዜ ይታመቅና ማሰሪያው ይላላል። መጀመሪያ እሰሪው፣ ከዚያ ጋቢውን ከላይ ጣል አድርጊበት። ትከሻው ላይ ያለውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ ማጠፍ ከቻልሽ ገና አልጠበቀም።

ያገለገለ ወንበር ካገኘሽ ከጀርባው ወይም ከሥሩ የተጻፈውን የአገልግሎት ዘመን ተመልከቺ፤ ግጭት ያየ ከሆነ በነጻም ቢሰጡሽ አትቀበይ።