ብረት የሚያነሳ ሰው የቴኳንዶ አዳራሽንም ያስብበት

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ አራት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ እምብርት በየሕንፃው ፎቅ ላይ ጂም መከፈቱ ደስ የሚያሰኝ ለውጥ ነው። ከሥራ ወጥቶ አንድ ሰዓት ብረት ሲያነሳ የሚያመሽ የቢሮ ሠራተኛ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። በብረቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የማይዋጥልኝ ብረት ብቻውን ለሁሉም ነገር ይበቃል የሚለው እምነት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብረት የሚያነሳ ጎልማሳ ሦስተኛና አራተኛ የብረት ቀን ከሚጨምር ይልቅ፣ እነዚያን ሁለት ምሽቶች በቴኳንዶ፣ በካራቴ ወይም በጁዶ አዳራሽ ቢያሳልፋቸው ለመገጣጠሚያዎቹም ለልቡም የተሻለ ይሆንለታል ብዬ አምናለሁ።

በቅድሚያ ለብረት የሚገባውን እንስጠው። «ብረት ሰውነት ያደርቃል» የሚለው የሰፈር ወሬ ትክክል አይደለም፤ እንቅስቃሴው ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው ከተሠራ ጡንቻን ከማጠንከሩም በላይ መተጣጠፍን ይጨምራል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሳይንሳዊ መግለጫም፣ የጡንቻ ማጠንከሪያ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ከማይሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ17 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን አስፍሯል። ስለዚህ ብረቱን ጣሉት የሚል ምክር ከእኔ አይጠበቅም።

ችግሩ ያለው ከአሠራሩ ላይ ነው። በየጂሙ የምናዘወትራቸው ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት)፣ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት) እና የማሽን ሥራዎች በአብዛኛው ሰውነትን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፤ በዚያ ላይ ስኳቱ ክብደት ለመጨመር ሲባል ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ፣ ማታ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ታጥፎ የሚውል ዳሌ የሚያስፈልገው ግን መዞር፣ ወደ ጎን መከፈትና በአንድ እግር ላይ ሚዛን መጠበቅ ጭምር ነው። በቴኳንዶ ዶልዮ ቻጊ የሚባለውን ዞሮ የሚመታ ምት ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። መጀመሪያ ጉልበት ታጥፎ ይነሳል፤ ከዚያ የቆመው እግር በጣቶቹ ሥር ተሽከርክሮ ተረከዙ ወደ ፓዱ፣ ማለትም ምቱ ወደሚያርፍበት ትራስ፣ ይዞራል፤ ዳሌ እሱን ተከትሎ ይገለበጣል፤ ቅልጥሙ የሚወረወረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የቆመው እግር ካልዞረ ጠመዝማዛው ኃይል በጉልበት ላይ ስለሚያርፍ፣ ጥሩ አሠልጣኝ ከፍታውን ትቶ ተረከዙን ይመለከታል። ሁለት መቶ ኪሎ በእግር ማሽን የሚገፋ ሰው ይህን ምት ከወገብ በታች እንኳ በቀስታ ሲሞክር ሲንገዳገድ ማየት የተለመደ ነው፤ የጎደለው የጡንቻ ኃይል ሳይሆን መዞርና ሚዛን መጠበቅ ነው። ጁዶ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ከሁሉ በፊት የሚያስተምረው አወዳደቅን ነው፤ ይህም ዕድሜ ሲገፋ ዋጋው እየጨመረ የሚሄድ ችሎታ ነው።

ወደ ልብ ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ከባድ ክብደት ትንፋሽን ይዞ ሲነሳ የደም ግፊት ለጥቂት ሰከንዶች በኃይል ይጨምራል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ሦስት ደቂቃ ስልክ እየነካኩ ማረፍ አለ። በዚህ መልክ የጠፋ አንድ ሰዓት ልብን ብዙ ደም ያለማቋረጥ እንዲረጭ አያሠራውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ የትንፋሽ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ይመክራል። የቴኳንዶ ውድድር ሁለት ሁለት ደቂቃ የሚፈጁ ሦስት ዙሮች በአንድ ደቂቃ ዕረፍት የሚካሄዱበት በመሆኑ፣ የፓድ ልምምዱም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ልክ ይከተላል። ከአንድ ሰዓት ትምህርት ውስጥ 40 ደቂቃው ልብን የሚያስደልቅ ከሆነ፣ ሁለት ምሽት 80 ደቂቃ ይሰጣል፤ ሁለቱ የብረት ቀናት ሲታከሉ የመመሪያው ሁለቱም ወገን ተሟላ ማለት ነው። ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ይህን አይሠራም ወይ ቢባል፣ ይሠራል፤ ነገር ግን ግድግዳ እያዩ መሮጥ ስንቱን ሰው ከሁለት ወር በላይ እንዳቆየ የጂም አዘውታሪዎች ያውቁታል።

«የልጆች ነገር ነው» የሚለው ተቃውሞ ብዙም አያሳስበኝም። ሰለሞን ቱፋ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን በቴኳንዶ ወክሎ ሲቀርብ፣ ስፖርቱ በየወጣት ማዕከሉ ለዓመታት ሥር ሰድዶ እንደቆየ ለማያውቁ ሁሉ ታይቷል። የሚያሳስበኝ የጉዳት ጥያቄ ነው፤ ይህ ተገቢ ሥጋት ነው። ለጤና ብሎ የሚመጣ የ45 ዓመት ሰው ጭንቅላት ላይ የሚያሳርፍ ፍልሚያ ውስጥ የሚገባበት አንዳች ምክንያት የለም፤ ፓድ መምታት፣ የእግር አረማመድና ቅርጽ (በቅደም ተከተል ለብቻ የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች) ይበቁታል። የደም ግፊቱን ሳይለካ መጀመርም የለበትም፤ ልኬቱ በተደጋጋሚ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያነጋግር፣ ደረቱን የሚወጋው ወይም የሚያጥወለውለው ከሆነም እንዲሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በቅርቡ የመጣ ሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ረጋ ብሎ ቢያልፋቸው ይመረጣል።

አዳራሾቹም የሚያሻሽሉት ነገር አላቸው። በብዙዎቹ ዘንድ ጎልማሳው ከ16 ዓመት ጎረምሳ ጋር እኩል ይሰለፋል፣ እኩል እንዲዘል ይታዘዛል፣ ጡንቻው ተጎትቶ በሳምንቱ ይቀራል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ለአዋቂዎች ብቻ የሚሆን ክፍለ ጊዜ መመደብ ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም፤ የወጣት ማዕከላትም አዳራሻቸውን ለዚህ ቢፈቅዱ የሚጎዱበት መንገድ አይታየኝም። እስከዚያው ድረስ ፍላጎቱ ያለው ሰው ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) ከመግዛቱ በፊት አንድ ምሽት ሄዶ ዳር ተቀምጦ ይመልከት፦ ሰውነት ማሟሟቂያው ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል ወይ፣ ማስተሩ አዲስ ገቢውን ስለ ጤናው ይጠይቃል ወይ፣ እግሩን ከፍ ማድረግ ያልቻለውን ሰው በማሾፍ ፈንታ ተረከዙን ያስተካክልለታል ወይ። ቁጭ ብሎ ማየትን የሚከለክል አዳራሽ ካጋጠመው ሌላ ቢፈልግ ይሻለዋል።