«መድኃኒት አቋረጠ» ከማለታችን በፊት

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። «መድኃኒቱን አቋርጦ ሕመሙ አገረሸበት።» አንድ ካርድ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ተጽፋ ትገኛለች። የእጅ ጽሑፉ ይለያያል እንጂ ቃሉ ያው ነው። ለምን እንዳቋረጠ ግን የሚጽፍ የለም። ቢጻፍም «በግንዛቤ ማነስ» ተብሎ ይታለፋል።

እኔ የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መድኃኒት ያቋረጠ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ምክንያት አለው። ያንን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት የነርስ ዋና ሥራ ነው። ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ውለታ አይደለም።

ከምግብ ልጀምር። ቡታጅራ የአእምሮ ጤና ጥናት በብዛት የተካሄደባት አካባቢ ናት። እዚያ ስኪዞፍሬኒያ (ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸውን ሰዎች፣ አስታማሚዎቻቸውንና የጤና ባለሙያዎችን «መድኃኒቱ ለምን ይቋረጣል?» ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች ነበሩ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተሙ። ጎልቶ የወጣው መልስ የምግብ እጥረት ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የምግብ ፍላጎት ይከፍታሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚበላው በልክ ነው። ሰውየው ወይ ከልጆቹ ድርሻ ይነካል፣ ወይ ክኒኑን ይተዋል። ክኒኑን ይተዋል። ይህን ሰው «ግንዛቤ የለውም» ለማለት አፌ አይደፍርም። ሒሳቡን በደንብ ሠርቶታል።

ነርስ እንጀራ ማደል አይችልም፤ እሺ። መጠየቅ ግን ይችላል። ክኒኑ ከእራት በኋላ በአንድ ጊዜ ቢወሰድ ይቻል እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ይመክራል። ፍላጎትን ብዙ የማይጨምር አማራጭ ካለም ያነሳል። ኦላንዛፒን የተባለው መድኃኒት በዚህ በኩል ሃሎፔሪዶል ከተባለው ይብሳል። ታካሚው ከፈቀደ ደግሞ ቤተሰቡ የሴፍቲኔት ድጋፍ የሚያገኝበትን መንገድ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ያፈላልጋል። ይህ ሁሉ ሕክምና ነው።

ወደ ጎንዮሽ ጉዳቱ ስንመጣ በጣም የሚያበሳጨኝ መቁነጥነጡ ነው። በሕክምናው አካቲዚያ ይባላል። ሃሎፔሪዶል የጀመረ ወይም ሞዲኬት የተባለውን የወር መርፌ የተወጋ ሰው ላይ ይመጣል። መቀመጥ ያቅተዋል። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ እግሩን ያፈራርቃል፣ ሌሊቱን በረንዳ ላይ ሲመላለስ ያነጋል። ውስጡ ዕረፍት የለውም። ቤተሰቡ «ብሶበታል» ብሎ ያመጣዋል። ደጅ ላይ ወረፋ የተሰለፈበት ባለሙያም ሕመሙ የባሰ መስሎት መጠኑን ይጨምራል። መቁነጥነጡ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሰውየው ሁሉንም ትቶ ይጠፋል። ካርዱ ላይ «አቋረጠ» ይጻፋል።

ይህን ሁሉ ጣጣ የምታስቀር አንዲት ጥያቄ ነበረች። «ይኼ ነገር የጀመረህ ከመድኃኒቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ከዚያ መጠኑን መቀነስ፣ መድኃኒቱን መቀየር ወይም ለመቁነጥነጡ የሚረዳ ነገር መጨመር ይቻላል።

ሌላው የአንገት መጣመም ነው። በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ ሃሎፔሪዶል በተጀመረ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይከሰታል። አንገት ወደ ጎን ይዞራል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላስ ይወጣል። ያላየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስንቱ ቤተሰብ «መንፈሱ ተነሳ» ብሎ ልጁን ይዞ ሮጧል! ጤና ተቋም ቢደርስ ግን በትክክለኛው መርፌ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። ሲለቀው ደግሞ ሁሉም እፎይ ይላል። ችግሩ አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ልጁ ያንን ክኒን ዳግመኛ በአፉ አያዞርም፤ እኔም ብሆን አልውጠውም።

ጥቃቅን የሚመስሉም አሉ። ክሎርፕሮማዚን፣ ብዙዎች ላርጋክቲል የሚሉት፣ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። ይህን ሳንነግረው አጨዳ ላይ የሚውል ገበሬ እጅ ላይ ክኒን እናስቀምጣለን። ዘበኛ የሆነውን ደግሞ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥተን «ማታ ውሰድ» እንለዋለን። ተኝቶ ከተገኘ ሥራው አለቀ። ስለ ወሲብ ችግር ደግሞ የሚያነሳ የለም። ባለሙያው ያፍራል፣ ታካሚው ያፍራል። ባል በዚህ የተነሳ ዝም ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል፤ ሚስትም እናትም ለምን እንደተወው አያውቁም። አስታማሚዋን «እስቲ ደጅ ቆይልን» ብሎ ለሁለት መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ሞዲኬትን ልለየው። በሰሊጥ ዘይት የተሠራ፣ ጡንቻ ውስጥ ተወግቶ ለሳምንታት ቀስ እያለ የሚለቀቅ መርፌ ነው። በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለሚቸግረው፣ ጤና ተቋሙ ለሚርቀው ትልቅ ነገር ነው። አልክድም። ነገር ግን አንዴ ከተወጋ ወደ ኋላ የለም። ጉዳት ካመጣም ለሳምንታት አብሮት ይከርማል። ስለዚህ በትንሽ መጠን መሞከር ግድ ነው። የወር መርፌው ቀንም ነርሱ ከታካሚው ጋር የሚገናኝበት ብቸኛ ቀን ነው። ወግቶ «ቀጣይ!» ማለት ያንን ቀን ማባከን ነው።

ጾምንስ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ክኒን ይዘላል። በረመዳንም እንደዚሁ። እኛ «ሕመምተኛ አይጾምም» ብለን እንገላገላለን። እሱ ግን ይጾማል። ብዙዎቹ ለስኪዞፍሬኒያና መሰል ሕመሞች የሚሰጡ መድኃኒቶች ማታ አንድ ጊዜ ሊወሰዱ ስለሚችሉ አስቀድሞ ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጸበልም ያው ነው። ሰው ጸበል ሄዶ መድኃኒቱን የሚተወው ብዙ ጊዜ ምረጥ ስለተባለ ነው። እኛም «ከጸበልና ከሕክምና አንዱን» ካልን ከሌላው ወገን በምን ተሻልን? እየተጠመቀም ክኒኑን መዋጥ ይችላል። ይህንን የሚሉ አባቶች አሉ፤ ነርሱም ከእነሱ ጋር ቢነጋገር ክብሩ አይቀንስም።

ቤተሰብ ላይ የምጨክን እንዳይመስል፤ መድኃኒት ወጥ ውስጥ ደብቆ መስጠት ብዙ ቤት አለ። እናት ልጇ ጎዳና ከሚወጣባት ይህን ብትመርጥ ይገባኛል። ግን ታካሚው አንድ ቀን ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ክኒኑን ብቻ ሳይሆን የቤቱንም ምግብ ይተዋል። በድብቅ የተሰጠ መድኃኒት መጠኑም አይታወቅም፣ ጉዳቱንም የሚናገር የለም። እናትየው ይህንን ለነርሱ ለመንገር የምትፈራ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእኛ ነው።

እስካሁን ያልኩትን አንብቦ «እንግዲህ መድኃኒቱ መርዝ ነው» የሚል እንዳይኖር። አይደለም። ለስኪዞፍሬኒያና ለባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ሕመም) መድኃኒት ይሠራል። ሲቋረጥ የማገርሸቱ ዕድል በጣም ይጨምራል። ለድብርት የሚሰጡትም ይሠራሉ፤ ግን ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃሉ። ይህ ያልተነገረው ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ቢጥለው አይገርምም። በድንገት ማቆም ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። የምከራከረው መድኃኒቱን ለማስቆም ሳይሆን ሰው ሊኖርበት በሚችል መልኩ እንዲሰጥ ነው።

መድኃኒቱ መገኘቱም ሌላ ጣጣ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን መታወቂያ ይዞ የመጣ ሰው «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። የግል ፋርማሲ ሄዶ ዋጋውን ሲሰማ የሁለት ሳምንቱን ብቻ ይገዛል። የወሩን ለሁለት ወር የሚያብቃቃም አለ። ይህም ካርዱ ላይ «በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ ይሰፍራል። መንግሥት ያላቀረበውን መድኃኒት ታካሚው አልወሰደም ብሎ መክሰስ ድፍረት ነው።

ሥጋውንም ረስተነዋል። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። ሟቾቹ ያለ ጊዜያቸው፣ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሞቱ ያሳያል። የሞታቸው ምክንያት ግማሽ ያህሉ ተላላፊ በሽታ ነው። የሚታከም ነገር! የሚያስል የአእምሮ ታካሚ ሲመጣ ስለ ሳሉ የሚጠይቀው ማነው? ክብደት፣ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር መለካት የሳይካትሪ ነርስ ሥራ ነው። ሚዛን የሌለው የሳይካትሪ ክፍል ኦላንዛፒን እየሰጠ ምን እየተከታተለ ነው?

«ይህን ሁሉ በየትኛው ጊዜ?» የሚለኝ የሥራ ባልደረባ እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። በዚህች አገር የአእምሮ ሕክምናን ከአዲስ አበባ ውጭ ያወጡት በዋናነት ነርሶች ናቸው። አማኑኤል የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። የሠለጠኑትም በየክልሉ ሆስፒታል ተመደቡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሐኪሞች የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ቦታ ላይ የሚመረምረውም፣ የሚያዘውም፣ የሚወጋውም፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን የሚያየውም ያው ነርስ ነበር። ዛሬም ከዚያ ብዙ ያልራቀ ቦታ አለ።

መውጫው የተረጋጉ ታካሚዎችን ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ ገጠር የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነውና ድጋፍ አግኝተው የሰጡትን ክትትል በሆስፒታል የሳይካትሪ ነርሶች ከሚሰጠው ጋር አወዳድሯል። ውጤቱ ከነርሶቹ ያነሰ አልነበረም። እንደ ነርስ ትንሽ ይቆረቁረኛል፤ ግን ደስ ይለኛል። ታካሚው የትራንስፖርት ብሩን ያተርፋል፣ ነርሱም መቁነጥነጥንና ሕመምን ለመለየት ጊዜ ያገኛል። ይህ የሚሆነው ግን መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ድረስ ከደረሰ ነው።

እስከዚያው በየካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። «ያቋረጠበት ምክንያት፣ በራሱ አንደበት።» ባዶ ሆኖ ከተገኘ ኃላፊው ታካሚውን ሳይሆን ባለሙያውን ይጠይቅ። በቅርቡ ቀጠሮ ያላችሁ ቤተሰቦችም የተረፈውን ክኒን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ቀን እንደተዘለለ፣ ምን እንደበላ፣ እንዴት እንዳደረ ሳትፈሩ ንገሩ። ጸበልም ካለ፣ ጫትም ካለ አትደብቁ።