ለዌንዳቶች ባህል፣ ለኩቤክ ታሪክ?

ካናዳ የምንኖር ሰዎች ዘመድ ሲመጣልን ከናያጋራ ፏፏቴ ቀጥሎ የምናሳየው ኩቤክ ከተማን ነው። ደግ እናደርጋለን። ከሜክሲኮ በስተሰሜን የድሮ የከተማ ግንቧ እስካሁን የቆመላት ከተማ እሷ ብቻ ናት። ዩኔስኮ በ1985 አሮጌውን ከተማ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከገደሉ አናት ላይ ሻቶ ፍሮንትናክ የተባለው ሆቴል ቆሟል፤ ከሥሩ ሴንት ሎረንስ ወንዝ ተንጣሎ ይፈሳል። አንዴ ያያት ሰው አይረሳትም።

ዛሬ የማነሳው ግን የከተማዋን ውበት አይደለም። በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ስለሚያሳየው ጉብኝት ነው። ጠዋት አውቶቡሱ ወደ ዌንዳኬ ይሄዳል። ዌንዳኬ ከመሃል ከተማ በመኪና 20 ደቂቃ ገደማ የምትርቅ፣ ሂውሮን-ዌንዳት (ባጭሩ ዌንዳት) የሚባለው የካናዳ ነባር ሕዝብ መኖሪያ ናት። እንግዶቹ በዛፍ ቅርፊት የተሸፈነውን፣ ቤተዘመድ በአንድነት ይኖርበት የነበረውን ረጅም ቤት ያያሉ። ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ፣ በረዶ ላይ የሚራመዱበት ሰፊ ጫማ እንዴት እንደሚጠለፍ ይሰማሉ። ስለ በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ እርሻ ይነገራቸዋል። ከሰዓት በኋላ ወደ አሮጌው ከተማ ይመለሳሉ። ያኔ ዓመተ ምሕረት መቁጠር ይጀመራል፤ 1608፣ 1688፣ 1759፣ 1893። እያንዳንዱ ሕንፃ የተሠራበት ዓመት አለው። እያንዳንዱ ሐውልት ስም አለው።

እኔን የሚከነክነኝ ይህ አከፋፈል ነው። ለዌንዳቶች ባህል ተሰጠ፣ ለከተማዋ ደግሞ ታሪክ። እንግዳው ማታ ሆቴሉ ሲገባ አንዱ ሕዝብ ልማድ ብቻ ያለው፣ ሌላው ግን ሥራ የሠራ ሆኖ ይታየዋል። ይህ ልክ አይደለም። ዌንዳቶች ከከተማዋ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው አሉ፤ ያውም በቀን፣ በቦታና በሰነድ።

በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የዌንዳት ኅብረት የሚኖረው ከኩቤክ ርቆ፣ ዛሬ ኦንታሪዮ በሚባለው ክፍል፣ ጆርጂያን ቤይ አጠገብ ነበር። ዌንዳቶች በሴንት ሎረንስ ሸለቆ የነበሩት ጥንታዊ ነዋሪዎችም አያቶቻችን ናቸው ይላሉ። ገበሬዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ለኩቤክ የዕለት እንጀራዋ የነበረው የፀጉር ቆዳ ንግድ በአብዛኛው በእነሱ እጅ ያልፍ ነበር። በ1630ዎቹ ከአውሮፓ የመጣ ፈንጣጣና ሌላም በሽታ ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ አለቀ። በላዩ ላይ ኢሮኳ ከሚባለው ሌላ የነባር ሕዝቦች ኅብረት ጋር የነበረው ጦርነት በረታ። በ1649 መንደሮቻቸው ፈረሱ። በ1650 ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎች ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ጋር ሸሽተው ኩቤክ ደረሱ።

መጀመሪያ ወንዙ መሃል ያለችው የኦርሌያን ደሴት ላይ ሰፈሩ። እዚያም ጥቃት ደረሰባቸው። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ በከተማዋ ውስጥ፣ ከገዢው ምሽግ አጠገብ ተጠለሉ። ዛሬ ሰው ሁሉ ሻቶ ፍሮንትናክን ከጀርባው አድርጎ ፎቶ የሚነሳበት አካባቢ ማለት ነው። ከዚያም ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ኖረው አሁን ያሉበት የሰፈሩት በ1697 ነው። ከመካከላችን አገር ጥለን የመጣን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ቤተሰብ ይዞ መሸሽ፣ ሰው አገር መጠለል፣ ደጋግሞ መነሳት፣ በመጨረሻ አንድ ቦታ ሥር መስደድ። ይህ በአደባባዩ ላይ ቆመው ለሚሰሙ እንግዶች ሳይነገር ሲቀር ያሳዝነኛል።

የዌንዳኬን ወንዝም እንይ። በዌንዳኬ 28 ሜትር የሚወርድ ካቢር ኩባ የሚባል ፏፏቴ አለ። ወንዙን ዌንዳቶች አኪያዌንራክ ይሉታል፤ ካርታ ላይ ሴን ሻርል ተብሎ ተጽፏል። ይኸው ወንዝ ቁልቁል ፈስሶ ኩቤክ ከተማ ላይ ከሴንት ሎረንስ ጋር ይገናኛል። ፈረንሳዊው ዣክ ካርቲዬ በ1535 የመጀመሪያውን ከባድ ክረምት ያሳለፈው በዚህ ወንዝ ዳር፣ ስታዳኮና ከምትባል መንደር አጠገብ ነው። ስከርቪ የሚባል፣ ከቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣ በሽታ ወደ 25 የሚሆኑ ሰዎቹን ገደለበት። የተረፉት የመንደሩ ሰዎች ባሳዩአቸው የዛፍ ቅርፊትና ቅጠል ፍል ዳኑ። በረዶው ሲቀልጥ ካርቲዬ የመንደሩን አለቃ ዶናኮናን ከሌሎች ጋር ይዞ ፈረንሳይ ወሰደው። ዶናኮና አገሩን ዳግም ሳያይ እዚያው ሞተ።

ፈረንሳዊው ሳሙኤል ደ ቻምፕሌን በ1608 ኩቤክን ሊቆረቁር ሲመጣ ስታዳኮና አልነበረችም። ከቻምፕሌን ሰዎችም አብዛኞቹ በመጀመሪያው ክረምት አለቁ። ከ28ቱ የተረፉት 8 ብቻ ነበሩ። ከተማዋ እግሯ የጸናው ከኢኑ፣ ከአልጎንኪንና ከዌንዳት ሕዝቦች ጋር በገባችው ወዳጅነት ነው። ይህ ሳይነገር የቻምፕሌንን ሐውልት ማሳየት ግማሽ ታሪክ መናገር ነው።

1759ን ሁሉም አስጎብኚ ያውቃታል። በአብርሃም ሜዳ ላይ እንግሊዞች ፈረንሳዮችን አሸነፉ፣ ሁለቱም ጄኔራሎች ሞቱ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 5 ቀን 1760 የሆነውን ግን ስንቱ ይናገራል? በዚያ ቀን የእንግሊዝ ጦር ጄኔራል ጄምስ መሬይ ለዌንዳቶች አንድ ወረቀት ፈርሞ ሰጠ። ሃይማኖታቸውን፣ ልማዳቸውንና ንግዳቸውን በነፃነት እንዲቀጥሉ ፈቀደላቸው። ወረቀቱ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነፍስ ዘራ። በ1982 አራት የዌንዳት ወንድማማቾች ዣክ-ካርቲዬ በሚባለው ፓርክ ዛፍ ቆርጣችኋል፣ ድንኳን ተክላችኋል፣ እሳት አንድዳችኋል ተብለው ተከሰሱ። የአያቶቻችንን ሥርዓት ነው የፈጸምነው፣ ውልም አለን አሉ። ጉዳዩ እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በግንቦት 1990 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ወረቀቱ የጸና ውል ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዱ በመላ ካናዳ የሌሎች ነባር ሕዝቦችን ክርክርም አግዟል። ዌንዳኬ ላይ ቆሞ ይህን መስማት እንዴት ትልቅ ነገር ነው!

ስለ ረጅሙ ቤት ሲነገርም እንዲሁ። ዌንዳቶች ዘር የሚቆጥሩት በእናት በኩል እንደነበር አስጎብኚው ይናገራል፣ እንግዳውም ይደነቃል። የካናዳ መንግሥት ነባር ሕዝቦችን የሚያስተዳድርበት የ1876ቱ የኢንዲያን ሕግ ግን ነባር ሕዝብ ያልሆነ ሰው ያገባችን ሴት ከነልጆቿ ከነባር ሕዝብነት መዝገብ ሰረዛት። ዘር በእናት ለሚቆጥር ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንቀጹ የተነሳው በ1985 ነው። የከተማዋ ግንብ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበውም በዚያው ዓመት ነው።

ቋንቋቸውም ተናጋሪ አጥቶ ዝም ብሎ ነበር። አሁን ሚስዮናውያን ትተውት ከሄዱት መዝገበ ቃላትና ሰዋስው እየለቀሙ ለልጆች እያስተማሩት ነው። ከ2007 ጀምሮ የላቫል ዩኒቨርሲቲ ምሁራንም አብረው ሠርተዋል።

አንድ ቀን አጭር ነው፣ እንግዳው ደግሞ ሊዝናና ነው የመጣው የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ሙሉ ቀን ትምህርት መስማት አይችልም። የዌንዳት አስጎብኚም በየቀኑ የወገኑን ቁስል እየገለጠ እንዲያሳይ መጠየቅ የለበትም። ጭፈራውን፣ ተረቱንና ምግቡን በደስታ ሊያካፍል ቢፈልግ መብቱ ነው። ለዚህም ነው ሸክሙ ከሰዓት በኋላ ባለው የከተማ አስጎብኚ ላይ መሆን አለበት የምለው። በአደባባዩ ላይ ስለ ስደተኞቹ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሰዓት አይጠፋም።

ጉብኝት የምትይዙ ሰዎች ጠዋት የሚያስጎበኛችሁ ከሕዝቡ የተወለደ ሰው መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ገንዘቡም ለማን እንደሚደርስ ጠይቁ። ዌንዳኬ በ2008 የተከፈተ የራሱ ሆቴልና ሙዚየም አለው፤ እዚያ የሚያድር እንግዳ ቀኑን ሳይሮጥ ያያል። የእጅ ሥራ የምትገዙ ከሆነ ከሠሪው ግዙ።

ጉብኝቱን የሚያዘጋጁት ደግሞ አንድ ነገር ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ጠዋት ከካቢር ኩባ ፏፏቴ ይጀምሩ። ከዚያ ወንዙን ተከትለው ቁልቁል ይውረዱ። ካርቲዬ ክረምቱን ያሳለፈበት ቦታ ዛሬ ካርቲዬ-ብሬቡፍ የሚባል ታሪካዊ ፓርክ ነው። እዚያ ግማሽ ሰዓት ቆመው ስለ ዶናኮና ይንገሩ፤ የዌንዳቱ አስጎብኚም እስከዚያ አብሯቸው ቢወርድ፣ ለጨመረው ሰዓትም ተገቢው ቢከፈለው ጥሩ ነው። ወደ አሮጌው ከተማ ከዚያ በኋላ ይግቡ። ከመንገዳቸው ብዙም አያርቃቸውም።