ጣና ዳር ያለው ቢሯችን

ቢሯችን ጣና ዳር ነው። የሥራ ማስታወቂያው ላይ እንዲህ ብለን ጻፍን። እውነቱን ለመናገር ጣና የሚታየው ከሽንት ቤቱ መስኮት ነው። ያውም ወንበር ላይ ከተወጣ።

ስድስት ነን። አምስታችን ማናጀር ነን። የቀሩት ቡና የሚያፈሉልን እትዬ ናቸው። በሰዓቱ የሚገቡትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

የፈለግነው «አዲስ ተመራቂ፣ የሦስት ዓመት ልምድ ያለው» ፕሮግራመር ነበር። አንድ የፖሊ ልጅ መጣ፤ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ማለታችን ነው። በ1955 ዓ.ም. ሶቪየቶች ረድተው የከፈቱት ፖሊ፣ ያኔ ብረታ ብረትና ጨርቃ ጨርቅ ነበር የሚያስተምረው። ዛሬ ኮድ ጸሐፊም ይወጣበታል።

ሥራ አስኪያጃችን ከዩቲዩብ ያጠናትን ጥያቄ ጣለ።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ?»

«አዲስ አበባ» አለ ልጁ።

ዝም አልን። ከመሃላችን ይህን ያላሰበ የለም። ጮክ ብሎ የተናገረው ግን እሱ ነው።

ከዚያ ላፕቶፕ ሰጥተን የራሳችንን ኮድ አሳየነው። ብዙ ቆየበት። «ይሄ እምቦጭ ነው» አለ፤ «ከዚህ ሲነቅሉት እዚያ ይበቅላል።» ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱ ገበሬ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው እንደከረመ ስለምናውቅ አልተከራከርንም።

መብራት ሄደ። ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ፈተናው በዚሁ አለቀና እትዬ ረከቦቱን አቀረቡ። ልጁ ተነስቶ ስኒ አደለ፣ እስከ በረካ ጠጣ፣ መረቃቸው።

«ይሄ ልጅ ይግባ» አሉ እትዬ።

ገባ።

የቀረው ዋስ ነበር። የሞተ ባትሪ ያለው ላፕቶፕም ቢሆን ያለ ዋስ አይሰጥም። በማግስቱ አጎቱን ይዞ መጣ፤ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ውሉን እንደ ፈተና ወረቀት አረሙት። ሁለት የፊደል ግድፈት አገኙ። እስክሪብቶ አነሱና ቆም አሉ።

«ደሞዝ በስንት ቀን ነው የሚገባው?»

«ጋሼ፣ እንግዲህ ደንበኞች እንደከፈሉን...» አለ ሥራ አስኪያጃችን።

እኛ አራታችን ወለሉን ማየት ጀመርን። የሰኔው ገና አልገባልንም።

አጎትየው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ለመሆኑ ልጄ፣ የእናንተስ ዋስ ማነው?»